ማዕተብ፣ ኮርቻና የማኅበር በሬ

ባለፈው ክረምት ከምኖርበት ከፍራንክፈርት በጎጃም ወዳለችው ብቸና፣ ለእኅቴ ልጅ አንድ ላፕቶፕ በሰው እጅ ልኬለት ነበር። ዕቃው ከእጁ በገባ በሳምንቱ በቪዲዮ ደወለልኝና ፊቱ በደስታ ፈክቶ፣ «ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እንደ ደረሰኝ ፎርማት አስደርጌ አዲስ ዊንዶውስ አስጫንሁበት» አለኝ። ነገሩ አሳስቦኝ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ አክቲቬሽን የሚለውን ገጽ እንዲያነብልኝ ብጠይቀው፣ ዊንዶውሱ የጸደቀው በተጠቃሚው ድርጅት አገልግሎት አማካይነት መሆኑን የሚናገር ቃል አነበበልኝ፤ ልጁ ግን ተማሪ ነው እንጂ የማንም ድርጅት ሠራተኛ አይደለም።

ከዚያች ቀን ጀምሮ የሁለቱን አገር ልማድ በልቡናዬ ሳመዛዝን ቆይቻለሁ። በጀርመን አገር ኮምፒዩተር የሚሸጥ ሱቅ፣ ዊንዶውስ ሆም ወይም ፕሮ ያለበት መሆኑን፣ አለዚያም ጭራሹን ስርዓተ ክወና የሌለው መሆኑን ከዋጋው አጠገብ ለይቶ ይጽፋል፤ ገዢውም ሁለት ነገር እንደሚገዛ ዐውቆ ይገዛል፤ ይኸውም አንዱ ግዙፉ ዕቃ፣ ሁለተኛው ረቂቁ ፈቃድ ነው። በብቸናም ሆነ በሞጣ ግን ገዢው ራሙንና ሃርድ ዲስኩን መርምሮ፣ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ጠይቆ ሲያበቃ፣ ዊንዶውሱን እንደ ባለሱቁ የእጅ ሥራ ይቆጥረዋል፤ የሚከፍለውም ለመጫኛው ድካም እንጂ ለፈቃዱ አይደለም። ይህ ከክፋት የመነጨ አይደለም፤ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት ካርድ ለሌለው፣ ፈቃድ የሚሸጥ ሰውም አይቶ ለማያውቅ ሕዝብ፣ በዐይን የማይታይ ነገር ዋጋ እንዳለው ማን ያስተምረው ነበር?

ስለዚህ ለልጁ በሀገራችን ምሳሌ አስረዳሁት። ኦኢኤም የሚባለው ፈቃድ ኮምፒዩተሩን ከሠራው ፋብሪካ ጋር የሚመጣ ነው፤ በተጠመቀ ዕለት በሕፃኑ አንገት እንደሚታሰር ማዕተብ፣ ያንኑ አካል እስከ ፍጻሜው ይከተላል እንጂ በአብዛኛው ወደ ሌላ አካል አይሻገርም። በፈረንጆች 2012 ከወጣው ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ቁልፉ በማዘርቦርዱ ላይ ተቀርጾ ስለሚመጣ፣ ያው ዐይነት ዊንዶውስ እንደ ገና ቢጫን ማንም ሳይጽፍለት ራሱ ያነበዋል። ሪቴይል የሚባለው፣ ለብቻው ከሱቅ የሚገዛው፣ ኮርቻ ነው፤ ከአንዱ በቅሎ ወርዶ በሌላው ይጫናል፣ በሁለት በቅሎ ግን ባንድ ጊዜ አይጫንም። ሦስተኛው ቮልዩም የሚባለው፣ በደርግ ዘመን ስሙ በጎጃም በገነነው በየጥኖራ አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበር እንደ ነበረው የማኅበር በሬ ነው፤ አባሉ ያርስበታል እንጂ ነድቶ ገበያ አያወጣውም። ከዚህ ፈቃድ አሠራሮች አንዱ ኬኤምኤስ ይባላል፤ ከ25 ያላነሱ ኮምፒዩተሮች ላሉት ድርጅት የተሠራ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር ቢበዛ በ180 ቀን ውስጥ ወደ ድርጅቱ አገልጋይ ተመልሶ መታደስ አለበት። በየከተማው «ክራክ» የሚባለውም ብዙውን ጊዜ ይህን አገልጋይ መስሎ የሚያታልል ፕሮግራም ነው።

የእኅቴ ልጅ ላፕቶፕ የደረሰበትም ይኸው ነበር። ዋጋው የተከፈለለት ሆም ከማዘርቦርዱ ላይ ተኝቶ ሳለ፣ በላዩ የማንም ያልሆነ ፕሮ ተጭኖበታል። ሆሙን ከማይክሮሶፍት ገጽ አውርዶ እንዲጭን አደረግሁት፤ ከኢንተርኔት ጋር በተገናኘ ጊዜም ፈቃዱ ያለ ምንም ቁልፍ ጸደቀ። ልጁ አንድ ጊዜ በተከፈለበት ነገር ላይ ዳግም መክፈሉን፣ የከፈለውም የራሱን ሀብት ለማስቀበር መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳ።

የፈቃድ ሕግም በሁለቱም አገር አለ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በጁላይ 3 ቀን 2012፣ በዩዝድሶፍትና በኦራክል ኩባንያዎች ክርክር፣ ለዘለቄታው የተገዛ የፕሮግራም ፈቃድ ለሌላ ሊሸጥ እንደሚችል፣ ሻጩ ግን የራሱን ቅጂ ከጥቅም ውጭ ማድረግ እንዳለበት ወስኗል። በሀገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተርን ፕሮግራም ከሚጠበቁት ሥራዎች መካከል ቈጥሮታል።

ነገር ግን የፈቃድ ነገር ከአውሮፓ የመጣ እንግዳ ትምህርት ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ ከብቸና ብዙ ሳይርቅ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ገዳም ይመልከት። እንዲህ ባሉ ገዳማት በሚጠበቁት የብራና መጻሕፍታችን መጨረሻ የሚጻፈው ግዝት የሰረቀውንና ጽሕፈቱን የፋቀውን ያወግዛል፤ የቀዳውን ግን አያወግዝም፤ መቅዳትማ ራሱ ጽድቅ ነበርና። አሜሪካዊው የፕሮግራም ጸሐፊ ሪቻርድ ስቶልማን መጀመሪያ በፈረንጆች 1989 ያወጣው፣ ሊኑክስ የተባለው ስርዓተ ክወናም የሚተዳደርበት ጂፒኤል የተባለው ፈቃድ፣ ከዚህ ሕግ ጋር በመንፈስ ይቀራረባል፦ ቅዳ፣ ለባልንጀራህ ስጥ፣ ብትሻ አሻሽል፤ ነገር ግን የደራሲውን ስም አትፋቅ፣ የተቀበልኸውንም ነጻነት ከምትሰጠው ሰው አታስቀር። ከፈረንጆች 2004 ጀምሮ የሚወጣው፣ በሊኑክስ ላይ የተሠራው ኡቡንቱ ለድኻ ተማሪ ያለ ዋጋና ያለ ስርቆት የሚገባ መሆኑን፣ የአባቶቹን የመቅዳት ሥርዓት የሚያውቅ ጎጃሜ ከማንም ይልቅ ሊረዳው ይገባል።

እንግዲህ በስደት ያለን ወገኖች ላፕቶፕ ስንልክ፣ ፈቃዱ ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ፣ የዊንዶውሱም ዐይነት ሆም ይሁን ፕሮ፣ በወረቀት ጽፈን አብረን እንላክ። እኔም በዚህ ወር ሞጣ ላለች የአጎቴ ልጅ በላክሁላት ላፕቶፕ ክዳን ላይ ይህን ጽፌ ለጥፌበታለሁ፦ «ፎርማት ቢያስፈልገው ያንኑ ሆም ጫኑበት፤ ማዕተቡን አትበጥሱበት።»