«ብኩት!»

ዶርም የምታድሩ ጓደኞቼ ስለዚህ ነገር ብዙ አታውቁም፤ ከቤት የምንመላለሰው ግን እናውቃለን። የእኅቴ ልጅ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶታል። እሷ ሥራ ስትውል እኔና እናቴ እየተፈራረቅን እንጠብቀዋለን። ልጁ ገና ሁለት ቃል አያገጣጥምም፤ «ብኩት» ማለት ግን ማን ብሎት! ብስኩት ማለቱ ነው። የቁርስ አፉ ሳይታበስ «ብኩት!» ደብተሬን ስገልጥ «ብኩት!» በር ሲንኳኳ፣ እንግዳው ይዞለት የመጣ እየመሰለው ይሆናል፣ «ብኩት!»

እናቴ «ሕፃን ለምኖ እንዴት ባዶ እጁን ይመለሳል?» ባይ ናት። አልስቅባትም። በ1977 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ፣ ልጅ «ራበኝ» ሲል የሚሰጠው የሌለበት ቤት አይታለች። እሷ ዘንድ መስጠት እንጂ መቁጠር የለም። ጣጣው የሚመጣው ማታ ነው። ብስኩትና ስኳር የበዛበት ሻይ ሲወስድ የዋለ ልጅ፣ እኅቴ ደክሟት ገብታ የምታቀርብለትን ሽሮ በእጁ ይገፋዋል። «ጠልቶኝ ነው እንዴ?» ብላ አንድ ማታ አለቀሰች። ጤና ጣቢያ ስትወስደው ደግሞ ክብደቱ ለሁለት ወር ንቅንቅ አላለም።

ለመሆኑ መክሰስ ክፉ ነው? አይደለም። የሕፃን ሆድ ትንሽ ናት፤ ቶሎ ትሞላለች፣ ቶሎ ትጎድላለች። የዓለም ጤና ድርጅትም ለዚህ ዕድሜ በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ ማዕድ፣ በመካከሉ እንደ ፍላጎቱ 1 ወይም 2 መክሰስ ይመክራል። ኤለን ሳተር የምትባል አሜሪካዊት የምግብ ባለሙያ ነገሩን ለሁለት ትከፍለዋለች፤ ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስነው ትልቁ ሰው ነው፤ መብላት አለመብላቱንና መጠኑን ደግሞ ልጁ። እኔ ይህን ስሰማ ደስ ያለኝ ሁለተኛው ክፍል ነው። እኛ ቤት እኮ አንድ ጉርሻ ለማስገባት ሦስት ሰው ይዘፍናል!

እንግዲህ ከእናቴ ጋር ተስማማን። ረፋድ 4 ሰዓትና ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት መክሰስ አለ፤ ሙዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ እንቁላል፣ ሲገኝ እርጎ። በመሐል ውኃ ነው። ሻይ ቀረ፤ ሰውነቱ ከሽሮና ከምስር የሚያገኘውን ብረት ይሻማበታል። የብስኩቱ ቆርቆሮ ከዓይን ራቀ። ቡና ሲፈላ ቆሎ ከትልልቆች እጅ አይወጣም፤ ኦቾሎኒም እንዲሁ፣ ሕፃን ያንቃል። ይህን እናቴ ያለ ክርክር ተቀበለች። በጾም ወቅት ቤቱ እስከ 9 ሰዓት እሳት ስለማይነድበት የእሱ ምሳ ሲረሳ ነበር፤ አሁን ማለዳ ተሠርቶ ይቀመጥለታል።

የመጀመሪያው ሦስት ቀን ጩኸት ነበር፤ እኔም ለፈተና የማጠናው በዚያው ጩኸት ውስጥ ነው። አራተኛው ቀን ላይ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ደብተሬን ዘግቼ የጎረቤት ዶሮዎች ሳሳየው «ብኩት»ን ይረሳል። ለካ ከጥሪው ግማሹ «እየኝ» ማለት ኖሯል።

ባለፈው ሳምንት ሽሮውን በልቶ ድገሚኝ በሚል ሳህኑን ለእናቱ ዘረጋላት። ሚዛኑ የሚታየው በሚመጣው ወር ነው። ከአጥር ማዶ ያሉት እትዬ ግን አሁንም በቀዳዳ ብስኩት ያቀብሉታል፤ ከእሳቸው ጋር ገና አልተነጋገርንም።