የዐሥር ሰዓት ቆይታ በሲንጋፖር

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤታችን እንደ ተዘጋ፥ እናቴ በአውስትራልያ በሜልበርን ከተማ የምትኖረውን ታላቅ እኅቴን ለማረስ ጉዞ ጀመረች። እንግሊዝኛ ስለማትናገር አፍ የሚሆናት ሰው አስፈለጋትና እኔ ተከትያት ሄድሁ። ሲንጋፖር ስንደርስ የሚቀጥለው አይሮፕላናችን የሚነሣው ከዐሥር ሰዓት በኋላ ስለ ነበረ፥ ከተማውን ለማየት ወጣን። ስለ ሜልበርን ሌላ ጊዜ እጽፍ ይሆናል፤ አሁን ለውድ አንባብያን የማቀርበው ያችን አንዲት ቀን ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ሲንጋፖር ከተማም ናት፥ አገርም ናት። ስፋቷ ከ730 ካሬ ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ አዲስ አበባችን 527 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለ ሆነች፥ አንድ ሙሉ መንግሥት ከነወደቡና ከነሠራዊቱ ከእኛ ከተማ እምብዛም በማትሰፋ ደሴት ላይ ሠፍሯል ማለት ነው። ከማሌዢያ ተለይታ ራሷን የቻለችው በ1965 ዓመት ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ፥ ከአይሮፕላን ጣቢያው ስንወጣ የተቀበለን ሙቀት የድስት ክዳን ሲነሣ ፊትን እንደሚመታው እንፋሎት ነበር። ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እናቴም ሰዓቷን እያስተካከለች፥ «እዚህ አገር ፀሐይም አርፍዳ ነው የምትነሣ» አለች።

ወደ መሐል ከተማ የሄድነው በባቡር ነው። ቀኑ ረቡዕ ስለ ነበረ እሷ ጾመኛ ናት፤ ነገር ግን ለእኔ ብላ ዳቦ ቆሎ ከቦርሳዋ ልታወጣ ስትል፥ በባቡር ውስጥ የሚበላ ሰው እስከ 500 የሲንጋፖር ዶላር እንደሚቀጣ የሚናገረውን ማስታወቂያ አይቼ እጇን ያዝሁ። «በገዛ ዳቦ ቆሎዬ?» ብላ ተገርማ መልሳ ቋጠረችው።

ከባሕረ ሰላጤው ዳር ስንደርስ፥ ራሱ አንበሳ ጅራቱ ዓሣ የሆነውንና ከአፉ ውሃ የሚተፋውን ሐውልት አየን። በ1972 ዓመት የቆመ ሲሆን ቁመቱ 8 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ነው። አንበሳ ለአዲስ አበባ ልጅ እንግዳ ባይሆንም፥ እናቴ ጅራቱን አልወደደችለትም። ከማዶ ደግሞ ሦስት ረጃጅም ሕንፃዎች አንድ መርከብ የመሰለ ነገር በራሳቸው ላይ ተሸክመው ቆመዋል፤ እሱን ስታይ «የኖኅ መርከብ እዚህ ነው ያረፈችው?» ብላ ሳቀች። ቀጥላም ወደ ውሃው እየተመለከተች፥ «ይህ ሁሉ ውሃ ጨው ሆኖ ምን ይረባል» አለችና ዝም አለች።

ይህን ያለችው ያለ ምክንያት አይደለም። በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ፥ ያውም በሌሊት ነው። እናቴ የምትተኛው አንድ ጆሮዋን ለቧንቧው ትታ ነው፤ ቧንቧው ማንኮራፋት ሲጀምር ተነሥታ ጀሪካኑን ሁሉ ትደረድራለች። ሲንጋፖር እንደ ደረስን ለታናሽ ወንድሜ ስትደውል እንኳ፥ ከሰላምታ በፊት የጠየቀችው በርሜሉ መሙላት አለመሙላቱን ነበር።

በመንገዱ ዳር በጋሪ አይስ ክሬም የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ አይስ ክሬሙን እየቆረጡ በዳቦ ጠቅልለው ይሰጣሉ። ገዛሁና ባሕሩ ስሙ ማን እንደሚባል ጠየቅኋቸው። እሳቸውም፥ «ቀድሞ ባሕር ነበረ፤ አሁን ግን የምንጠጣው ውሃ ነው» አሉኝ። በ2008 ዓመት የሰላጤው አፍ ዘጠኝ መዝጊያ ባለው ግድብ እንደ ተዘጋ፥ ጨዉ በዝናም ታጥቦ እንደ ለቀቀ፥ ከደሴቲቱ መሬት አንድ ስድስተኛው ላይ የሚወርደው ዝናም ሁሉ ወደዚያ እንደሚገባ በጣታቸው እያሳዩ አስረዱኝ። ለእናቴ ብነግራት፥ «ማን ቀምሶ አረጋገጠ?» አለች። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ በጣም ሳቁና፥ በቤታቸው ቧንቧ በኩል በየቀኑ እንደሚቀምሱት ነገሯት።

ከዚህ በኋላ ልጅ ሳሉ፥ በ1963 ዓመት፥ ድርቅ ሆኖ ውሃ ለዐሥር ወር ያህል በራሽን ይሰጥ እንደ ነበረ፥ እሳቸውም ከእኅታቸው ጋር ቆርቆሮ ይዘው እንደ ተሰለፉ አጫወቱን። እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። «በስንት ሰዓት ነበር የሚመጣ? ስንት ባልዲ ይደርሳችሁ ነበር? የሚሸከመውስ ማን ነበር?» እያለች ትጠይቅ ጀመር። እሳቸውም በትዕግሥት ይመልሱላት ነበር። ሁለቱ እንደ አንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ሲነጋገሩ እኔ መሐላቸው ቆሜ ከማስተርጐም በቀር ሥራ አልነበረኝም፤ አይስ ክሬሜም በእጄ ላይ ቀለጠ።

በመጨረሻ ሽማግሌው፥ «አገራችሁ በረሓ ነውን?» ሲሉ ጠየቁ። እናቴ ጥቂት አሰበችና፥ «ዓባይ ከእኛ አገር እንደሚነሣ ንገራቸው» አለችኝ። ነገርኋቸው። እሳቸውም «ታዲያ?» አሉ። ይህችን ቃል አላስተረጐምሁላትም፤ እሷም ምን አሉ ብላ አልጠየቀችኝም።

ስለ ሲንጋፖር በየስብሰባው የሚነገር አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም «ምንም ሳይኖራቸው ከበሩ» የሚል ነው። ለእኔ ግን ይህ አነጋገር ልክ ሆኖ አልታየኝም። በዓመት የሚዘንብላቸው 2,400 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ይህ የአዲስ አበባን ዝናም ሁለት እጥፍ ይሆናል። ያጡት ውሃ ሳይሆን ማጠራቀሚያ ስፍራ ነው። ደግሞም ውሃን በሰው እጅ መተው ምን እንደሚያስከትል አይተዋል። በ1942 ዓመት እንግሊዞች ወደ ደሴቲቱ ሲያፈገፍጉ ከማላያ የሚያገናኛትን መንገድ ሲያፈርሱት፥ ውሃ የሚመጣበት ቧንቧም አብሮ ተቈረጠ፤ በየካቲት ወር ለጃፓን እጃቸውን ሲሰጡ ከተማው በውሃ ተጨንቆ ነበር። ዛሬም ቢሆን ከማሌዢያ ውሃ የሚገዙት በ1962 በተፈረመና በ2061 በሚያልቅ ውል ነው። እንግዲህ ግድቡን የሠራላቸው ፍርሃት ይመስለኛል። እኛ «የአፍሪካ የውሃ ማማ» እየተባልን ስላደግን ይህን ፍርሃት አናውቀውም፤ የሚያውቁት እንደ እናቴ ያሉ፥ ሌሊት የሚነሡ ሰዎች ብቻ ናቸው። (ከ2003 ዓመት ጀምሮ የፍሳሽ ውሃ እንኳ ጨርሰው አጣርተው መልሰው ይጠቀሙበታል። ይህን ግን ለእናቴ አልነገርኋትም፤ ሜልበርን እስክንደርስ ውሃ አትጠጣም ነበር።)

ለምሳ ወደ ሕንዶች ሰፈር ሄድን። ከሩዝና ከምስር ሊጥ አቡክተው የሚጋግሩት «ቶሳይ» የሚባል ስስ ቂጣ አለ፤ ያለ ቅቤ እንዲሠሩልን ለመንሁ። እናቴ ቈርሳ ቀመሰችና እንደ እንጀራ መኮምጠጡን መሰከረች፤ ሁሉም በእጁ ይበላ ስለ ነበረ ደስ ብሏት በላች። ወዲያው ዝናም እንደ ጐርፍ ወረደ። ከገበያው ማዶ የሮቾር ቦይ ይታያል፤ ከየጣራውና ከየመንገዱ የሚወርደው ውሃ እየጋለበ ይገባበታል። «ይህም ይጠጣል?» አለችኝ። ሽማግሌው ካሳዩን ሰላጤ እንደሚገባ ነገርኋት። ዝናሙ እስኪያባራ ድረስ ከዚያ ጥግ አልተነቃነቀችም፤ እኔ ሱቆቹን ለማየት ቸኩዬ ነበርና ተሰላቸሁ።

በአይሮፕላን ጣቢያው በመስተዋት ጣራ ሥር ከ40 ሜትር ከፍታ የሚወርድ ሰው ሠራሽ ፏፏቴ አለ፤ በቤት ውስጥ ካሉት የዓለም ፏፏቴዎች ረጅሙ እሱ ነው፤ ውሃውም የተጠራቀመ ዝናም ነው። ሌላው መንገደኛ ሁሉ ፎቶግራፍ ያነሣል። እናቴ ግን ጥቂት አየችውና ወደ መጠጫው ቧንቧ ሄዳ ጠርሙሷን አፍ እስካፉ ሞላች። ወደ አይሮፕላኑ መግቢያ ስንደርስ አንዲት ፈታሽ ከ100 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ፈሳሽ ማሳለፍ እንደማይቻል ነግራን፥ የሚደፋበትን ዕቃ አሳየችን። እናቴ ዕቃውን አየችው፤ ፈታሿንም አየቻት። ከዚያም ከኋላችን ሰልፉ ቆሞ ሲጠብቅ መክደኛውን ፈትታ ግማሹን ጠጣችና ጠርሙሱን ለእኔ ሰጠችኝ። «ጨርሰው» አለችኝ፤ ጨረስሁት።