ለመጨረሻው ቤት

በሮቫ ዩድ-አሌፍ ለአረጋውያን ወላጆቻችን አዳዲስ ሞአዶኖች ይከፈቱ ቢባል፣ የት የት ይሁኑ? ለእኛ ለማኅበራዊ ሥራ ተማሪዎች ጥያቄው አንድ ካርታና አንድ ስብሰባ የሚጨርሰው ይመስላል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። ከ60 ሕንፃዎች 6ቱን ለመምረጥ 50,063,860 አማራጮች አሉ። ይህን ኮምፒውተር አንድ በአንድ ያየዋል፤ ሕንፃውና ሞአዶኑ በጨመረ ቁጥር ግን ከማንኛውም ኮምፒውተር አቅም በላይ ይሆናል። ምርጡን መልስ ሁልጊዜ በፍጥነት የሚሰጥ ዘዴ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ከሁሉ በፊት ደግሞ «ጥሩ ቦታ» ማለት ምን እንደሆነ መወሰን አለብን። የሁሉም ሰው መንገድ ተደምሮ ይነስ ካልን፣ ብዙ ሰው ያለበት መሀል ያሸንፋል፤ ዳር ያሉት እናት ቤታቸው ይቀራሉ። በጣም የራቀው ሰው መንገድ ይጠር ካልን፣ ሌላ ቦታ ይመረጣል። ኮምፒውተሩ ሁለቱንም ያሰላል፤ የቱ እንደሚሻል የምንወስነው ግን እኛ ነን።

ሁለተኛውን ከመረጥን ቴዎፊሎ ጎንዛሌዝ በ1985 ያሳተመው ቀላል ዘዴ አለ። የመጀመሪያው ቦታ የፈለግነው ይሁን። ቀጥሎ ከእሱ በጣም የራቀውን ሕንፃ እንምረጥ፤ ከዚያ ከተመረጡት ሁሉ የራቀውን፣ እንዲህ እያልን 6 እስኪሞላ። የመጨረሻው ሰው መንገድ ምርጡ መልስ ከሚሰጠው እጥፍ አይበልጥም። ከዚህ የተሻለ ዋስትና በፍጥነት የሚሰጥ ዘዴ ማግኘት፣ ዋናውን ከባድ ችግር ራሱን እንደ መፍታት ነው።

ዋስትናው ግን መሄዱና መመለሱ እኩል እንዲሆኑ ይፈልጋል። ሊፍት ከሌለው አራተኛ ፎቅ መውረድና ተመልሶ መውጣት ደግሞ ለአባቶቻችን አንድ አይደለም። ስለዚህ ደርሶ መልሱን እንለካ፤ ያን ጊዜ ከየትኛውም ጫፍ ብንነሳ ልኩ አንድ ነው፣ ሒሳቡም ይሠራል። ወላጆቻችን በጎንደር «የግማሽ ቀን መንገድ» ሲሉ የሚለኩት የእግርን ድካም ነበር፤ እኛም በዚያው እንለካ።

ቤት ለቤት ስንዞር «ደርሰው ለመመለስ ስንቴ ያርፋሉ?» ብለን እንጠይቅ። ዘዴው የመጀመሪያውን ምርጫ ለእኛ ትቶልናል፤ ብዙ ጊዜ ከሚያርፉት ሰው ቤት እንጀምር።