የሶንያ ሄኒ እጅ

በበረዶ ላይ ቆሜ አላውቅም። ሆኖም ሶንያ ሄኒ ስትንሸራተት ባየሁ ቁጥር እግሬን አንዳች ነገር ይነዝረኛል። ይህች የኦስሎ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1924 ሻሞኒ ላይ በ11 ዓመቷ ለኦሊምፒክ ቀርባ ከስምንት ተወዳዳሪዎች የመጨረሻዋ ሆነች። በ1928፣ በ1932 እና በ1936 ግን ወርቁ የእርሷ ነበር፤ የዓለም ሻምፒዮናነቱንም ከ1927 ጀምሮ ዐሥር ጊዜ በተከታታይ ወሰደች። ከዚያ ሆሊውድ ተቀበላት።

በ1941 የወጣውን «ሰን ቫሊ ሴሬናዴ» እወደዋለሁ። ትወናዋ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተራ ነው። በመጨረሻው ትርኢት፣ በቀለም በጠቆረው በረዶ ላይ ስትወጣ ግን ካሜራው ራሱ ትንፋሹን የሚይዝ ይመስላል።

ታሪኳን ያነበብሁት ከወደድኋት በኋላ ነው። በ1936 በርሊን ውስጥ እጇን ዘርግታ ለሂትለር የናዚን ሰላምታ ሰጥታለች። የአገሯ ጋዜጦች አጥብቀው ወቀሷት። ከአራት ዓመት በኋላ የሂትለር ጦር ኖርዌይን ወረረ።

በ1969፣ በ57 ዓመቷ፣ ከፓሪስ ወደ ኦስሎ በሚበርር አውሮፕላን ውስጥ በደም ካንሰር ዐረፈች።

ፊልሙን አልጣልሁትም። ትናንት ማታም ከፈትሁት። በዚያ ጥቁር በረዶ ላይ እየተሽከረከረች ክንዷን ስትዘረጋ፣ እንደ ድሮው እግሯን ልመለከት ሞከርሁ፤ ዐይኔን ከእጇ ማንሣት ግን አቃተኝ።