እናንተ ብትሆኑ ትፈርማላችሁ?

ዛሬ አለቃዬ የሥራ ሰዓቴ እንደተቀነሰ በቴክስት ነገረኝ። መጀመሪያ ያሰብኩት የቤት ኪራዩን አይደለም፤ አዲስ አበባ ያለውን ባለቤቴን ነው።

አሜሪካ ውስጥ የትዳር ጓደኛ ለማምጣት አይ-864 የሚባል ፎርም ይፈረማል። የስፖንሰሩ ገቢ ቢያንስ ከድህነት ወለሉ 125 በመቶ መድረስ አለበት። በ2025 ለሁለት ሰው ቤተሰብ በዓመት ወደ 26,437 ዶላር ነበር።

ካልሞላስ? እዚሁ የሚኖር ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሌላ ሰው አብሮ ይፈርማል። ዝምድና እንኳ አይጠየቅም።

«ታዲያ ዘመድ ሞልቶ ምን ያስጨንቅሻል?» ትሉኝ ይሆናል።

ያስጨነቀኝ ፊርማው ነው። የመጣውን ሰው የመደገፍ ግዴታው ባብዛኛው የሚያበቃው ያ ሰው ዜግነት ሲያገኝ ወይም 40 ሩብ ዓመት የሥራ ክሬዲት ሲሞላለት ነው። ያ ደግሞ ወደ አሥር ዓመት ይሆናል። እኛ ብንፋታ እንኳ አብሮ የፈረመው ሰው ነፃ አይወጣም!

የአጎቴን ልጅ ብጠይቃት እምቢ አትለኝም። ግን ልጆች ታሳድጋለች፤ ገቢዋም ለራሷ ቤተሰብና ለባለቤቴ ተደምሮ መብቃት አለበት። ይሉኝታ ይዟት ብትፈርምልኝስ?

እስቲ በግልጽ ንገሩኝ፦ ለዘመዳችሁ ባል ትፈርማላችሁ? ወይስ «ሁለተኛ ሥራ እስክታገኚ ይጠብቅ» ትሉኛላችሁ?