የልጅ ድምፅና የልጅ ገንዘብ

«የልጅ ነገር ኹለት ፍሬ፥ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» ይባላል። በቤታችን የኾነውን ነገር ስናስበው ግን ብስሉ የልጃችን፥ ጥሬው የእኛ ኾኖ አገኘነው።

ዐሥር ዓመት የሞላት ሴት ልጅ አለችን። ድምፅዋ ያማረ ስለ ኾነ እንግዳ በመጣ ቍጥር እንድታዜም እንጠራታለን። ባለፈው የፋሲካ በዓል እንግዶቻችን ደስ ብሏቸው ገንዘብ ሸለሟት፤ እርስዋም በመሐረብ ቋጥራ «አባባ፥ ያስቀምጡልኝ» ብላ ሰጠችን። ከወር በኋላ ለቤት ጕዳይ ቸግሮን ወጪ አደረግነው፤ እንመልሳለን እያልንም ረሳነው።

በቅርቡ አንድ ወዳጃችን ዜማዋን ሰምቶ ተደነቀና «ይህችን ልጅ ሸክላ ቢያስቀርጿት ባለጠጋ ይኾናሉ» አለን። ምሳሌ አድርጎም ሉዊስ ሚጌልን ጠቀሰልን። ነገሩ እውነት ነው። ይህ ዘፋኝ በፖርቶ ሪኮ በሳን ኹዋን ከተማ በ1970 እ.ኤ.አ. ተወልዶ በሜክሲኮ የታወቀ ነው፤ አባቱ እስፓኛዊ ዘፋኝ፥ እናቱም ኢጣሊያዊት ነበሩ። ገና 11 ዓመት ሳለ ኢ ኤም አይ ከሚባለው የሸክላ ኩባንያ ጋራ ተዋዋለ፤ በ1982ም «ኡን ሶል» የሚባለው የመጀመሪያ ሸክላው ወጣ፤ ትርጓሜው ፀሐይ ማለት ነው። የሜክሲኮ ሕዝብ ብላቴናው በእስፓኝ ቋንቋ የዘፈነውን ዘመናዊ ዘፈን እጅግ ወደደለት፤ ሸክላውም በብዙ ተሸጠ፤ በዚያው ዓመት ኹለተኛው ተከተለ። በ1985 ከሺና ኢስተን ጋራ ስለ ዘፈነው ዘፈን በአሜሪካ የግራሚን ሽልማት ሲቀበል ዕድሜው 14 ዓመት ብቻ ነበረ።

ወዳጃችን ያልነገረን ግን አለ። ሥራውንና ገቢውን ያስተዳድሩለት የነበሩት አባቱ ናቸው፤ ልጁ ጕልማሳ በኾነ ጊዜ በገንዘቡ አያያዝ ምክንያት ተጣልተው ተለያዩ። ሸክላው ተሸጠ፤ የአባትና የልጅ ፍቅር ግን ተሰበረ።

በማግስቱ ጧት ልጃችን መጥታ «አባባ፥ ያ ገንዘቤ አለ?» ብላ ጠየቀችን። «አለ» አልናት። የተናገርነው ሐሰት ነበረ።

እንዲህ ያለው ነገር በአሜሪካ ሕግ እስከ ማስወጣት ደርሷል። በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋራ በሲኒማ የታየው ሕፃን ጃኪ ኩጋን፥ አድጎ ገንዘቡን ቢፈልግ እናቱና እንጀራ አባቱ አብዛኛውን አጥፍተውት አገኘ፤ በ1938ም ከሰሳቸው። ስለዚህ በ1939 የካሊፎርንያ መንግሥት ሕግ አወጣ፤ ዛሬ በዚሁ ሕግ መሠረት ሕፃኑ ከሚያገኘው ደመወዝ ከመቶ 15 እጅ በስሙ ይቀመጥለታል፤ ለዐቅመ አዳም እስኪደርስም ወላጅ አይነካውም።

እኛን የሚያስገድደን ሕግ ባይኖርም ኅሊና አለን። ልጃችንን ጠርተን «ገንዘብሽን አጥፍተነዋል፤ ዋሽተንሻልም» ብለን ነገርናት። ዝም ብላ ተመለከተችን፤ ከተግሣጽ ይልቅ ያ ዝምታ ከበደን። በዚያው ሳምንት ያጠፋነውን ገንዘብ በስሟ ባንክ አስቀምጠን ደብተሩን በእጅዋ ሰጠናት። ስለ ሸክላውም ብንጠይቃት «ስፈልግ ብቻ ላዚም» አለችን፤ ፈቀድንላት።

እንግዲህ የዘፈን ስጦታ ያለው ልጅ የወለዳችኹ ኹሉ፥ ልጁ ከማዜሙ አስቀድሞ መሐረቡ በማን እጅ እንዳለ ተመልከቱ። ልጅ የቋጠረውን አይረሳምና።