አንተም አንቱም ያላልነው

ልጅቷ ቀኝ እጇን ከነጠላዋ ስር ደብቃ ገባች። እናቷ ግን አላለፈቻትም። «እስቲ እየው፤ ሂና ተቀባሁ ብላ ምን እንዳደረገችው!» ብላ እጇን ስባ አሳየችኝ። አመልካች ጣቷና አውራ ጣቷ ላይ ጥቋቁር ነጥቦች ነበሩ። ያልተስተካከሉ፣ ጫፋቸው ወደ ቡኒ የሚያደላ።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር። በጅቡቲ ከተማ በዚህ ሰዓት ሥራ የለም። ሱቁ ተዘግቷል፤ ከኢትዮጵያ የመጣው ጫት ተከፋፍሎ አልቋል፤ ኻምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ አቧራውን በበር ስር እየገፋ ያስገባል። የኤሲው ውሃ ከታች ያስቀመጥኩት ጀሪካን ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል።

«ሂና አይደለም» አልኩ። «ሲልቨር ናይትሬት ነው።»

ልጅቷ ዓይኗ በራ። «ኒትራት ዳርዣን! እንዴት አወቅክ?»

እንዴት አላውቅም? ይህ ነገር ሲነካህ አይታወቅህም። ውሃ መስሎህ በጋውንህ ጠርገህ ትሄዳለህ። ብርሃን ሲያገኘው ነው ቀስ እያለ የሚጠቁረው። ሳሙና አያስለቅቀውም፤ ሎሚም አያስለቅቀውም፤ ቆዳው ራሱ ተልጦ እስኪታደስ ድረስ አብሮህ ይኖራል። በእኛ ጊዜ አራት ኪሎ ግቢ ካፌ ውስጥ እንጀራ ሲቆረስ የኬሚስትሪ ተማሪ በጣቱ ይለይ ነበር።

ልጅቷ የጎረቤቴ ልጅ ናት። እናቷ የድሬዳዋ ሰው ናት፤ እንጀራ ትሸጣለች። አባቷ የዚሁ አገር ሰው ነው። አማርኛውን ከእናቷ፣ ሶማሊኛውን ከአባቷ፣ ፈረንሳይኛውን ከትምህርት ቤት ይዛ ሦስቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ታስኬደዋለች። ጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ ሳይንስ ከገባች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ያን ቀን የመጣችው ወረቀት ይዛ ነበር፦ የቧንቧ ውሃ ውስጥ ስንት ክሎራይድ እንዳለ ለክታ ሪፖርት ልትጽፍ። የዚህ ከተማ የቧንቧ ውሃ ጨው ጨው እንደሚል ሻይ ያፈላበት ሁሉ ያውቃል። እሷ ግን ጨዋማነቱን በቁጥር አምጪ ተብላለች።

«ማን ነው የሚያሠራችሁ?» አልኳት።

እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። በፈረንሳዮቹ ሥርዓት ትምህርቱ ሦስት ቦታ ይከፈላል። ዋናው መምህር በትልቁ አዳራሽ ትምህርቱን ይሰጣል። ቀጥሎ በትንንሽ ክፍል ተሰብስበው ጥያቄ የሚሠሩበት አለ፤ «ቴዴ» ይሉታል። ላብራቶሪው ደግሞ «ቴፔ» ነው። ቴፔውን የሚያሠራቸው ወጣት ነው፤ እሱም ከጥቂት ዓመት በፊት እንደነሱ ወንበር ላይ ነበር። «ፕሮፌሰሩን ቩ ነው የምንለው» አለች፤ «እሱን ግን ቱ እንለዋለን። ቩ ስንለው ይስቃል።»

ቩ አንቱ ነው፤ ቱ አንተ ነው። ልጅቷ እንደ ዋዛ የተናገረችው ነገር ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ ይዞኝ ሄደ።

1980ዎቹ አጋማሽ ላይ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር። አራት ኪሎ ግቢ፣ የሳይንስ ፋኩልቲ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ትምህርት የጀመረው እዚሁ ግቢ ነው። እኛ ስንደርስ ታሪኩ ሳይሆን ረሃቡና ብርዱ ነበር የሚታየን። ማትሪክ አልፈን፣ ከየክፍለ ሀገሩ ሻንጣና ብርድ ልብስ ይዘን የመጣን ልጆች ነን። መምህሩ ከፊት ቆሞ በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ እኛ ከኋላ ሆነን ከሰሌዳው እንገለብጣለን። ያልገባን ነገር ቢኖር እጅ የሚያወጣ የለም። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ መምህሩ ቾኩን ከእጁ አራግፎ ይወጣል፤ እኛም ያልገባንን ይዘን ወደ ላብ እንሄዳለን።

ላብ ውስጥ የሚጠብቀን ጂኤው ነበር።

ጂኤ ማለት ግራጁዌት አሲስታንት ነው። ከመምህርነቱ መሰላል የመጀመሪያው እርከን፤ ከሱ በላይ ረዳት ሌክቸረሩ፣ ሌክቸረሩ፣ ከዚያ በላይ ፕሮፌሰሮቹ አሉ። በየዓመቱ ከሚመረቁት ውስጥ ውጤቱ ከሁሉ የበለጠው ልጅ «ለዲፓርትመንቱ ቀረ» ይባላል። የአማርኛ ነገር ሆኖ ቃሉ ሁለት ፊት አለው። ጓደኞቹ ተመርቀው ሥራ ያዙ፣ ደመወዝ በሉ፣ አገር ዞሩ፤ እሱ ቀረ። ሰኔ ላይ ገበርዲን ለብሶ ፎቶ የተነሳው ልጅ መስከረም ላይ ነጭ ጋውን ደርቦ በዚያው ኮሪደር ይመላለሳል።

የእኛው ጂኤ ጋውን ደረቱ ላይ አሲድ የበላው ቀዳዳ ነበረው። አፍንጮ በር አካባቢ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። አምና ይህ ሰው ዶርም ውስጥ ከእኛ በላይ ፎቅ ላይ ይተኛ ነበር። ካፌ ሰልፍ ላይ ከፊታችን ቆሞ «ተራ ጠብቅ አንተ!» ያለና «አንተ ራስህ ጠብቅ!» የተባለ ሰው ነው። አሁን ውጤታችን በእጁ ነው። ምን እንበለው?

«አንተ» እንዳንለው መምህራችን ነው። «እርስዎ» እንዳንለው የጥቂት ዓመት ታላቃችን ነው፤ ብንለው እኛም እንስቃለን፣ እሱም ያፍራል። ስለዚህ አማርኛ ያለውን ማምለጫ ሁሉ ተጠቀምንበት። «ይቺን እስቲ ትታይልን»፣ «ይሄ እንዴት ነው የሚደረገው?»፣ «ቡሬቱ ይቀየራል ወይ?» እንል ነበር። ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር፣ ማንን እንደሚጠይቅ የማይታወቅ ጥያቄ። እንግሊዝኛውንም የወደድነው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ «ዩ» ብሎ ሁሉንም እኩል ያደርገዋል።

እሱም ቢሆን ተቸግሮ ነበር። «እናንተ» እያለ በጅምላ ይናገረን ነበር፤ ብቻህን ብታገኘውም «እናንተ» ነህ።

ከኋላው ግን ስም አውጥተንለታል፦ «አንድ ጠብታ»። አሲድን በቤዝ ስንለካ ቡሬቱ ስር ቆሞ «አንድ ጠብታ፤ ከዚያ ጠብቁ» ይል ነበርና። ሥራውን ለማያውቀው ላስረዳ። ፍላስኩ ውስጥ አሲድ አለ፤ ፊኖልፍታሊን ጨምረህበታል፤ ፈሳሹ እንደ ውሃ ቀለም የለውም። ከላይ ከቡሬቱ ቤዙን ታንጠባጥባለህ። ለረጅም ጊዜ ምንም አይታይም። ከዚያ በአንዲት ጠብታ፣ በአንድ ሚሊሊትር ሃያኛ እጅ፣ ፈሳሹ ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ይሆናል። ማቆም ያለብህ እዚያ ነው። ችኩል ተማሪ ግን ቧንቧውን ከፍቶ ይለቀዋል፤ ፍላስኩ እንደ ከረሜላ ውሃ ይቀላል። ያኔ ጂኤው ፍላስኩን ወደ መስኮቱ አንስቶ፣ አየት አድርጎ፣ «ይሄ ለሠርግ ነው የሚሆነው» ብሎ ያስቀምጠዋል።

አንድ ሐሙስ ሦስት ሆነን ልኬቱን ሳንደግም ቁጥሩን ከጭንቅላታችን ፈጥረን ሞላን። ሦስት ጊዜ ተሠርቶ የተገኘ ይመስል ሦስቱንም አስቀመጥነው፤ ልዩነታቸው ሁለተኛው ነጥብ ላይ እንኳ የለም። በማግስቱ ወረቀቱን መለሰልን። ማርክ አልተጻፈበትም። ከታች በእርሳስ «ቅዳሜ ከሰዓት» ይላል።

ቅዳሜ ከሰዓት ግቢው ጭር ይላል። ቁልፍ ይዞ መጥቶ ላቡን ከፈተልን። አልተቆጣም። «ትክክለኛ ቁጥር እንዲህ አይገጣጠምም» አለን። «የእናንተ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ የእኔም ይንቀጠቀጣል። ቁጥሩ ላይ መንቀጥቀጡ መታየት አለበት።» ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አራት ጊዜ አበላሸን። አምስተኛው ላይ ፈሳሹ ፈዘዝ ሲል ማንም አልተነፈሰም። ማታ ከግቢው ወጥተን አስፋልቱን ተሻግረን ሻይና ቦምቦሊኖ ከፈለልን። ደመወዙ ስንት እንደሆነ ግቢው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ሦስታችንም ኪሳችንን የምንፈትሽ መስለን ዝም አልን።

ሌላም ቀን አለ፤ እኔ ከሁሉ የማስታውሰው። ቱቶሪያል ላይ አንዲት ልጅ ጥያቄ ጠየቀችው። ሰሌዳው ላይ ጀመረ፣ ሄደ፣ መሃል ላይ ቆመ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ሰሌዳውን አየ። ከዚያ ዞሮ «ተሳስቻለሁ፤ ነገ አጣርቼ እመጣለሁ» አለ። እኔ ያደግኩበት ትምህርት ቤት መምህር አይሳሳትም ነበር፤ የተሳሳተው ሰሌዳው ነው ወይም መጽሐፉ ነው። ይኼኛው በማግስቱ እውነትም መጣ፤ በስቴንስል የተባዛ ገጽ ይዞ። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር፤ ጣታችን ሰማያዊ ሆነ።

ትናንት የተማረ ዛሬ ማስተማሩ ለአገራችን አዲስ አልነበረም። ቅኔ ቤት ጀማሪው የቆጠረውን ቅኔ ይዞ ዘሎ የኔታ ፊት አይቀርብም፤ አስቀድሞ አስነጋሪው ይሰማዋል፣ ያርመዋል። አስነጋሪው ራሱ ተማሪ ነው፤ ገና ከየኔታ እግር ስር አልተነሳም። ለዚህ ነው ጀማሪው የት ላይ እንደሚደናቀፍ የሚያውቀው፤ እሱም እዚያው ላይ የተደናቀፈው ትናንት ነውና። ከበሩ ውስጥም ከበሩ ውጭም ያልሆነ፣ መድረኩ ላይ የቆመ ሰው። እኛ ካፌ ሰልፍ ላይ አብሮን ከቆመው ልጅ የተማርነውን ያህል ሰሌዳው ፊት ከቆሙት ሊቃውንት አልተማርንም ብል ሊቃውንቱን መናቅ አይሆንብኝም።

እንዳልኩት «ቀረ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። እኛ ልንመረቅ ስንቃረብ ጂኤያችን ስኮላርሺፕ አግኝቶ ለማስተርስ ውጭ ሄደ። መጀመሪያ ለዲፓርትመንቱ ቀረ፤ በኋላ ሄዶ ቀረ። ያ ቀዳዳ ጋውን ላቡ በር ጀርባ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ሰነበተ። የሚቀጥለው ጂኤ የራሱን ይዞ መጣ።

እኔም ቀረሁ፤ እዚህ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የአሰብ መንገድ ተዘጋና የአገሪቱ ዕቃ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ትራንዚተር በጣም ተፈለገ። የኬሚስትሪ ዲግሪዬን ሻንጣ ውስጥ ከትቼ በአሮጌው ባቡር ከድሬዳዋ በደወሌ በኩል ወረድኩ። ወደብ ላይ ኬሚስትሪ ምን ይሠራል? ማዳበሪያ የጫነ መርከብ ይገባል፤ ልቅ ሆኖ የመጣው ዩሪያ እዚያው በጆንያ ይሞላል። ጆንያው ላይ ናይትሮጂን 46 በመቶ ይላል። ያንን 46 ባየሁ ቁጥር እጄ ቡሬት ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሰነድ ስሞላ አለቆቼ ሁለቴ ማጣራቴ ያሰለቻቸው ነበር። ክብደቱ ከወረቀቱ ጋር አንዲት ኪሎ ሳትዛነፍ ሲገጥም ነበር እኔ የምጠረጥረው።

ያ ባቡርም ዛሬ የለም። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ ጣቢያው ናጋድ ሆኗል። አገሬም ያኔ የነበሯት ዩኒቨርሲቲዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። በየበዓሉ ቤተሰብ ጋ ስሄድ የዘመዶቼን ልጆች ስለ ላብ እጠይቃለሁ። ስልካቸውን አውጥተው ቪዲዮ ያሳዩኛል፤ አንድ የማይታወቅ እጅ፣ አንድ ጠብታ፣ ሐምራዊ። ጥሩ ነው፤ ጥርት ብሎ ይታያል። ጣታቸው ግን ንጹህ ነው።

እዚህ ጅቡቲ ደግሞ ነገሩ ገና ትኩስ ነው። የልጅቷ አባት ሊሴ ሲጨርስ በአገሩ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም፤ ከፍተኛ ትምህርት የፈለገ ባሕር ማዶ ነበር የሚሄደው። የዩኒቨርሲቲው መነሻ የሆነው ተቋም የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የተባለው በ2006። ልጅቷ «ቱ» የምትለው ወጣት እዚሁ ሠፈር አድጎ፣ እዚሁ ተምሮ፣ እዚሁ የቀረ መሆኑን ስትነግረኝ በደስታ ነው የሰማኋት።

ወረቀቱን አብረን አየነው። የእሷ ሙከራ በፊኖልፍታሊን አይደለም፤ ቢጫው ፈሳሽ ወደ ጡብ ቀለም ሲያደላ ነው የሚቆመው። ቡሬት የሚለው ቃል ግን በሁለታችንም ትምህርት አንድ ነው። ሦስት ልኬት ጽፋለች፤ ሦስቱም ትንሽ ትንሽ ይለያያሉ። «እንዲገጣጠሙ ላስተካክላቸው?» አለችኝ።

«ተያቸው» አልኳት።

ከዚያ ስለ «አንድ ጠብታ» ነገርኳት። እስከ መጨረሻው አዳምጣ «እና ምን እያልክ ነበር የምትጠራው?» አለች።

«ምንም» አልኩ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ምንም ብዬ አልጠራሁትም።»

ከት ብላ ሳቀች። «ድሬ ቢሆን አንተ ብለኸው ታርፍ ነበር!» አለች እናቷ ከበሩ። እውነቷን ነው። ድሬዎች አንቱታ አያውቁም፤ ይህች ልጅ እንኳ በዕድሜ አባቷ የምሆነውን ሰው «ጋሼ፣ አንተ» እያለች ነው ስታወራ የቆየችው፤ ቅር ያለኝ ነገር የለም።

ይህን ስጽፍ ከመጀመሪያው «እሱ» እያልኩ መጣሁ። አንዴ «እሳቸው» ብዬ ጀምሬ ሰርዤዋለሁ፤ የማላውቀው ሽማግሌ ሆነብኝ። ለነገሩ ዛሬ ሽማግሌ ሳይሆን አይቀርም።

ከሳምንት በኋላ ልጅቷን ደረጃው ላይ አገኘኋት። «ስንት አገኘሽ?» ስላት ቁጥሩን በጣቷ አሳየችኝ። እኔ ግን ያየሁት ጣቷን ነው። ነጥቦቹ ደብዝዘዋል፤ አውራ ጣቷ ላይ አንዲት ብቻ ቀርታለች።